ታች ያለው ቁጥር ሲያምር

በስምጥ ሸለቆዋ ባቱ ከተማ የተተከለ የራዲዮ ሪፒተር አንቴናን ሥራ ለመመዘን ብዙ ሰው ቀና ብሎ የማማውን ቁመት ያያል። እኔ መጀመሪያ የማየው ኬብሉ ወደ ማሽኑ ክፍል የሚገባበትን ቦታ ነው። ኬብሉ ከቀዳዳው በታች ዝቅ ብሎ ታጥፎ መግባት አለበት፤ ካልሆነ የክረምቱ ዝናብ ኬብሉን ተከትሎ ማሽኑ ድረስ ይዘልቃል። ቀጥሎ ማማው አናት ላይ ያለው ኮኔክተር ነው። ጎበዝ ሠራተኛ ከሥር እርስ በርሱ የሚዋሐደውን የጎማ ቴፕ ይጠቀልላል፤ በላዩ ጥቁር ናስትሮ ከታች ወደ ላይ ይደርባል፣ ውሃው በድርቡ ላይ እንዲንሸራተት። ናስትሮ ብቻውን ከሆነ የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ ያላቅቀዋል።

ውሃ የገባበት ኬብል ሰው ያታልላል። ማሽኑ ሥር ያለው መለኪያ ጥሩ ቁጥር ስላሳየ ብቻ «አንቴናው ደህና ነው» የሚል ባለሙያ አላምንም። 50 ዋት የሚያስተላልፍ ሪፒተር እንውሰድ። ኬብሉ የኃይሉን ግማሽ የሚበላ ከሆነ አንቴናው ጋ የሚደርሰው 25 ዋት ነው። አንቴናው ጨርሶ ተበጥሶ 25ቱም ቢመለስ እንኳ ግማሹ በመንገድ ይቀርና ታች የሚታየው 12.5 ዋት ብቻ ነው። መለስተኛ ችግርማ ጭራሽ ይደበቃል፤ ላይ 2 የሆነው ኤስ ደብሊው አር (ለ1 ሲቀርብ የሚመለሰው ኃይል ማነሱን የሚያሳየው ቁጥር) ታች 1.4 ገደማ ሆኖ ይነበባል። ኬብሉ በበሰበሰ ቁጥር ቁጥሩ ያምራል። ስለዚህ ሠሪውን የምጠይቀው አንቴናው ጋ ባለው የኬብል ጫፍ የተለካውን ዋትና በተተከለ ዕለት የተጻፈውን መዝገብ ነው። ያ ወረቀት የሌለው ሥራ ለእኔ አላለቀም።

ለመብረቅ የኬብሉ የመዳብ ሽፋን በማማው አናት፣ በግርጌውና በክፍሉ መግቢያ ላይ ከመሬት ጋር መያያዝ አለበት። የማማው፣ የመብራቱና የራዲዮው ግራውንድም አንድ ላይ ይታሰር፤ ተለያይተው ከተቀበሩ መብረቁ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በማሽኑ ውስጥ ነው። የመሬቱን ኦም በነሐሴ ጭቃ ለክቶ ማስረከብ አይበቃም፤ ጥር ላይ አፈሩ ሲደርቅ ይለካ።

ሩቅ ያለ የአምቡላንስ ሹፌር ድምፁ ሲቆራረጥ፣ ብልህ ባለሙያ ማማ ላይ ከመውጣቱ በፊት ከዱፕሌክሰሩ (ማስተላለፊያውና መቀበያው አንድ አንቴና እንዲጋሩ ከሚያደርገው ማጣሪያ) በኋላ በአንቴናው ቦታ ዱሚ ሎድ፣ ማለትም ኃይሉን ሳይረጭ የሚውጥ ምትክ፣ ይገጥማል፤ ደካማ ሲግናል እያስገባም ማስተላለፊያውን አጥፍቶና አብርቶ ያዳምጣል። ማስተላለፊያው ሲበራ ይመጣ የነበረው ጩኸት በዱሚ ሎዱ ከቀረ ችግሩ ኬብሉ ወይም አንቴናው ነው፤ ካልቀረ ዱፕሌክሰሩንና አጫጭር ኬብሎቹን ይፈትሻል። ከሰዓት ነፋስ ሲነሳ ብቻ የሚመጣ የሚቆራረጥ ጩኸት ከሆነ የላላ ማሰሪያ ወይም የዛገ ብሎን ይፈልጋል፤ ያን ጊዜ የዱፕሌክሰሩን ብሎኖች መነካካት በአንድ ብልሽት ላይ ሌላ መጨመር ነው።