ጦርና ዶቃ

በባሮና በጊሎ ወንዞች ዳር የሚኖሩት አኝዋኮች ከሺሉክና ከአቾሊ ጋራ የሉዎ ወገን ናቸው። በእነዚህ ሕዝቦች ዘንድ በልዩ ልዩ መልክ የሚነገረው የመለያየት ተረት እንዲህ ነው፦ አንዱ የወንድሙን ጦር ተውሶ ዝሆን ቢወጋበት ዝሆኑ ጦሩን ይዞ ሄደ፤ ባለ ጦሩም ምትክ አልቀበልም ብሎ ያንኑ አስፈለገው። ኋላም የባለ ጦሩ ልጅ የወንድሙን ዶቃ ቢውጥ፥ ባለ ዶቃው በተራው ያንኑ አምጣ አለ፤ የሕፃኑ ሆድ ተቀደደ፤ ወንድማማቾቹም ተለያዩ።

ይህን እንደ ርስት መዝገብ ይዞ ማን ቀድሞ ሰፈረ ብሎ መከራከር ሰሙን ይዞ ወርቁን መጣል ነው። በአኝዋክ ባህል ዶቃ ለጥሎሽ የሚሰጥ፥ ቤትን ከቤት የሚያዛምድ ነበረ፤ በተረቱ ግን ያው ዶቃ ለያየ። ወርቁም በዚህ አለ፤ ሕዝቡን የከፈለው የደም ልዩነት ሳይሆን የይቅርታ መታጣት ነው። ጉድለቱ የእናቲቱን ልቅሶ አለማሰማቱ ነው። አንባቢ ሆይ፥ እርሱን ጨምረህ አንብብ።