በአዋሽ ሸለቆ ሐሩር ልቡናን ስለ ማገልገል

የሰው ልቡና በእውነት የሚመረመረው በተግባሩ ነው፤ ይኸውም በወረቀት ላይ የቀረበለትን ጥያቄ መለሰ ወይም አልመለሰም ተብሎ ሳይሆን፣ ማለዳ ተነሥቶ ቤቱን፣ ገበያውንና ጎረቤቱን እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ ታይቶ ነው። በሕክምና ቤት ኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚባለው የእኔ ሙያ የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ሲሆን፣ ደዌ ያደከመውን ሰው ወደ ዕለት ሥራው በሥርዓት መመለስ ዓላማው ነው። በአዋሽና በሰመራ ካገለገልኋቸው ሕሙማን መካከል አሳቤን አብዝተው የያዙት መልቲፕል ስክለሮሲስ ያለባቸው ጥቂቶቹ ናቸው፤ ይህ ደዌ ከምድር ወገብ በራቁ አገሮች የሚበዛ፣ በእኛ ዘንድ ግን ብርቅ በመሆኑ፣ ሕመምተኛው የሕመሙን ስም እንኳ ሳይሰማ ብዙ ዘመን ሊያልፍበት ይችላል።

ደዌው የሚመጣው የሰውነት የመከላከል ኃይል በገዛ አካሉ ላይ ተነሥቶ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ያሉትን ነርቮች የሚያለብሰውን ሚየሊን ሲያጠቃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ዓመት ባለው ዕድሜ ይጀምራል፣ ሴቶችንም ከወንዶች ይልቅ ያገኛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1868 ይህን ደዌ ለይቶ የገለጸው ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ማርተን ሻርኮ የሕሙማኑን የማስታወስ ድካምና የአሳባቸውን መዘግየት ጭምር አስተውሎ እንደ ነበር በአክብሮት አስባለሁ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት ግን ለረጅም ዘመን እግርንና ዓይንን ሲመረምሩ ኖሩ እንጂ ልቡናን አልጠየቁም። ዛሬ ከሕሙማኑ ግማሽ የሚሆኑት ነገርን ፈጥኖ በመረዳት፣ በማስታወስ ወይም ሁለት ሥራ በአንድነት በመያዝ እንደሚቸገሩ ታውቋል። ይህ ችግር በውጭ ስለማይታይ ቤተ ዘመድ ስንፍና ይለዋል፤ ከደዌው ይልቅ ይህ ስም ልብ ሲሰብር አይቻለሁ።

በአፋር ምድር ግን ከሁሉ አስቀድሞ መታሰብ ያለበት ሐሩር ነው። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡትሆፍ እ.ኤ.አ. በ1890 እንዲህ ያሉ ሕሙማን አካላቸው ሲደክም ዓይናቸው ለጊዜው እንደሚፈዝ ጻፈ፤ በኋላም የነገሩ ምክንያት ሙቀት መሆኑ ተገለጠ፣ ልባሱ የተጎዳ ነርቭ የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ያህል ከፍ ቢል እንኳ መልእክቱን ማስተላለፍ ይሳነዋልና። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ደግሞ የአየሩ ሙቀት በጨመረ ቁጥር የሕሙማኑ የማሰብ ፍጥነት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሰመራ በሰኔ ከ40 ዲግሪ በላይ የምትግል ከተማ ስለሆነች፣ እኩለ ቀን ላይ የተመረመረ ሰው የሚሰጠው መልስ ስለ ልቡናው ሳይሆን ስለ ፀሐዩ የሚመሰክር ነው። ስለዚህ የምመረምረው ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ነው፤ ሒሳብና ውል የመሳሰለውንም ሥራ ሁሉ ወደዚያው ሰዓት እንዲያዛውሩ፣ ቀዝቃዛ ውኃ እንዲጠጡ፣ በአንገታቸው ላይ እርጥብ ጨርቅ እንዲያኖሩ፣ ድካም ሳይጥላቸው አስቀድመው እንዲያርፉ እመክራለሁ። ሐሩሩ ያመጣው ፍዘዛ ሰውነት ሲቀዘቅዝ የሚያልፍ እንጂ አዲስ ጉዳት እንዳልሆነ ሲረዱ ፍርሃታቸው እጅግ ይቀላል።

አዋሽ ላይ፣ በጅቡቲው መንገድ ዳር ለከባድ መኪና ሹፌሮች ምግብ የምታቀርብ ሴት፣ «ዶክተር፣ ያዘዙኝን ምግብ እያወቅሁት ማጀት እስክደርስ ይጠፋብኛል» አለችኝ። ማጀቷ ገብቼ ስመለከት ወጡን ስትሠራ እጇ አንዳች አይስትም ነበር፣ ከልማድ የተገኘ ጥበብ በዚህ ደዌ ቶሎ አይጠፋምና፤ የምትስተው የፊተኛው ትእዛዝ በልቧ ሳይጸና ሁለተኛው ሲደረብበት ነበር። ስለዚህ ሌላ ገበታ ከመጠየቋ በፊት የአንዱን ገበታ ትእዛዝ ጽፋ ከምድጃው በላይ በተራ እንድትሰካ፣ እጇ ሥራ ላይ ሳለ ማንም እንዳያናግራት፣ ቁልፍና ገንዘብም ከአንድ ስፍራ እንዳይለቁ ተስማማን። ለገበያ የሚገዛውን ሽንኩርት፣ ዘይትና ከሰል በአንድ አጭር ታሪክ አያይዛ በዓይነ ልቡናዋ እየሣለች ታጠናው ጀመር፤ ይህ ዘዴ በሌላ አገር በጥናት ተፈትኖ መልካም ፍሬ አሳይቷል። ከደዌው አልተፈወሰችም፤ የትእዛዝ መቀላቀል ግን እየቀነሰ ሄደ፣ ሐሩሩ በበረታበት ከሰዓት በኋላም ትእዛዝ መቀበሉን እኅቷ ትይዝላታለች።

ትምህርት ቤት ያልገባውን አርብቶ አደር በምልክትና በቁጥር መፈተን ግን ደዌውን ሳይሆን የትምህርት ዕድሉን መለካት ይመስለኛል። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ታላቅ ሥርዓት አላቸው፤ በመንገድ የተገናኙ ሰዎች ተቀምጠው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ከብቱና ስለ ሰላሙ ያዩትንና የሰሙትን በጥንቃቄ ይለዋወጣሉ፤ የሰማውም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለሌላው ያደርሳል። ይህን የሚፈጽም ሰው ትኩረትንና ማስታወስን በአንድነት ያሠራልና፣ እኔ ከዳጉ የሚበልጥ መመርመሪያ አላገኘሁም፤ መታከሚያም ይሆናል። ሕሙሙ ዜናውን ከፋፍሎ እንዲሰማ፣ እያንዳንዱንም ክፍል ለተናጋሪው መልሶ ከደገመ በኋላ ወደሚቀጥለው እንዲያልፍ፣ የት፣ መቼ፣ ማን አየው ብሎ በአንድ ሥርዓት እንዲጠይቅ አደርጋለሁ። የቅርብ ዘመድ ሁለተኛ አድማጭ ሆኖ ቢቀመጥ ክብሩ አይነካም፤ በማኅበሩ መካከል ያለው ስፍራም ይጠበቅለታል።

የጠፋውን የማስታወስ ኃይል የሚመልስ መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም፤ ይህን ሥራ የሚያውቁ ባለሙያዎችም በአገራችን ጥቂቶች ናቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት መክፈቱ ስለዚህ ትልቅ ተስፋ ነው። ከዚያ የሚወጡት ወጣቶች ወደዚህ ቆላ እንዲወርዱ፣ የአፋርንም ቋንቋ እንዲማሩ እለምናለሁ። በዱብቲና በአዋሽ የምትሠሩ ሐኪሞችም፣ እንዲህ ያለ ሕሙም ሲመጣላችሁ ስለ እግሩና ስለ ዓይኑ ከጠየቃችሁ በኋላ፣ በማለዳው ቀዝቃዛ ሰዓት አንድ ጥያቄ ጨምሩለት፤ «ሥራህን እንዴት ይዘኸዋል?» በሉት፣ መልሱንም እስኪጨርስ ታገሡት።