“ኦሪጅናል ኮፒ”

በከተማችን የንግድ ቋንቋ ውስጥ እንደ “ኦሪጅናል” የተጎሳቆለ ቃል ያለ አይመስለኝም። “ኦሪጅናል” አለ፤ “አንደኛ ደረጃ ኮፒ” አለ፤ “ኦሪጅናል ኮፒ” ደግሞ አለ። ጎበዝ፣ ኮፒ እንዴት ነው ኦሪጅናል የሚሆነው? ንግዱ ከሱቅ መደርደሪያ ወደ ቴሌግራምና ቲክቶክ ከተሻገረ ወዲህማ ቃሉ ጨርሶ ባለቤት አጥቷል።

የኳስ ማልያን እንውሰድ። የአርሴናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ በየሰፈሩ በሚከራከርበት አገር ማልያ ልብስ ብቻ አይደለም። ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቃል። የክለቡን ይፋዊ ፎቶ ያነሳና “ኦሪጅናል! ዋጋ በውስጥ መስመር!” ብሎ ይለጥፋል። ገዢው ብሩን አስቀድሞ በስልክ ይልካል። በሞተር የሚደርሰው ግን ሁለት እጥበት የማይችል ጨርቅ ይሆናል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር!

ድሮ አስመሳዩ ራሱን ያጋልጥ ነበር፤ የአዲዳስ ሦስት መስመር አራት ሆኖ ይመጣል። ዛሬ ተምሯል። እኛ ግን አሁንም “ጨርቁን ነካ አድርጌ አውቀዋለሁ” ላይ ነን፤ የስልክ መስታወት ላይ ምን ይነካል? አንዳንዱ ደግሞ “አርማው ካልተጠለፈ ፎርጅድ ነው” ብሎ ይፈርዳል። ይህም ያሳስታል። ኩባንያዎቹ አንዱን ማልያ በሁለት ዓይነት ይሠሩታል። የደጋፊው ባብዛኛው የተጠለፈ ወይም የተሰፋ አርማ አለው፤ በተጫዋቾቹ ዓይነት ላይ ግን አርማው እንዲቀል በሙቀት ይለጠፋል። “የታይላንድ ሥራ ነው” የሚለውም ምስክር አይሆንም፤ እውነተኛውም አስመሳዩም እዚያ ይሠራል።

መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። የአዲዳስና የናይኪ ማልያ በውስጥ በኩል የምርት ቁጥር የታተመበት ትንሽ ጨርቅ አለው። ሻጩን “የእሷን ፎቶ፣ የዛሬን ቀን በወረቀት ጽፈህ ከጎኗ አድርገህ ላክልኝ” በሉት። ዕቃው እጁ ላይ ከሌለ እዚህ ላይ ይጠፋል። ፎቶው ከመጣ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ፈልጉት፤ የሌላ ማልያ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ አለቀ። ቢገጥምም ቁጥር ይቀዳልና ዋጋውን አስሉ። በ2024 እ.ኤ.አ. የማንቸስተር ዩናይትድ የደጋፊ ማልያ እንግሊዝ ውስጥ 80 ፓውንድ ገደማ ይሸጥ ነበር። ባሕር ተሻግሮ፣ ትርፍ ተጨምሮበት፣ እዚህ ሲደርስ በምን ተአምር ረከሰ? ውድ መሆኑም ቢሆን እውነተኛነቱን አያረጋግጥም፤ እንዲያውም የሚያንገበግበው በኦሪጅናል ዋጋ የተሸጠው ኮፒ ነው።

ኪሱ ስላልቻለ፣ ኮፒ መሆኑን አውቆ፣ በኮፒ ዋጋ የገዛውን ልጅ ለመውቀስ አንደበት የለኝም። ጠቤ ቃሉን ከሚሸጠው ጋር ነው። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 501 የንግድ ምልክትን ይጠብቃል፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ደግሞ ሸማቹን የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላል። ሕግ አልጠፋም። ግን ደረሰኝ ያልተቀበለ፣ የሻጩን እውነተኛ ስም እንኳ የማያውቅ ገዢ ማንን ይከሳል?

ደግሞም አንከስም። የተታለለው ሰው ሰፈር ሲጠየቅ “አውቄ ነው የገዛሁት” ይላል። ሰው እንዳይስቅበት ነዋ! ሻጩ በዚያው ምሽት ያንኑ ፎቶ ለጎረቤቱ ይለጥፋል። የዚህ ንግድ ትልቁ ካፒታል የእኛ ይሉኝታ ነው። “ተታለልኩ፣ ከእገሌ እንዳትገዙ” ማለት ብንለምድ ግማሹ ገበያ በራሱ ጊዜ ይዘጋ ነበር።