የቡችላ ክብደት ማስሊያው ምን ይለካል?

ቤታችሁ ቡችላ ካለ ጎረቤት ሁሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ መጥቶ «ምነው ከሳ፣ አታበሉትም እንዴ?» ይላችኋል፤ ሌላው በዚያው ቀን «ኧረ ይሄማ ኳስ ሆነ!» ይላል። እኔ ኢንጂነሪንግ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ ክርክሩን በቁጥር እፈታለሁ ብዬ ተነሳሁ። ስልኬ ላይ የቡችላ ክብደት ማስሊያ አገኘሁ። ዕድሜውን በሳምንት፣ ክብደቱን በኪሎ ታስገባላችሁ፤ ሲያድግ ስንት ኪሎ እንደሚሆን ይነግራችኋል። የእኛው ቡችላ 10 ሳምንቱ ነበር፣ ክብደቱ 3.6 ኪሎ። ማስሊያው 18.7 አለኝ። እናቱ 18 ኪሎ ግድም ስለነበረች «በቃ፣ ልክ ነው» ብዬ ስልኬን ዘጋሁ።

ልክ አልነበረም። ዛሬ ያንን ማስሊያ፣ ከእሱ ይሻላሉ ከሚባሉት ሁለት ዘዴዎች ጋር አብረን እንገምግመው።

የማስሊያው ምስጢር ቀላል ነው። ክብደቱን ለሳምንቱ ቁጥር ያካፍልና በ52 ያባዛዋል፤ 3.6 ለ10 ሲካፈል፣ በ52 ሲባዛ፣ 18.72። ሌላ ምንም የለውም። ቡችላ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ዓመት እስኪሞላው በየሳምንቱ እኩል ይጨምራል ብሎ ያስባል ማለት ነው። ቡችላ ግን እንደዚያ አያድግም፤ መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ኋላ ቀስ እያለ ይቆማል። በ36 ሳምንቱ 6 ኪሎ ደርሶ እድገቱን የጨረሰ ትንሽ ዝርያ ብታስገቡለት 8.7 ኪሎ ይሆናል ይላችኋል። ቀሪው 2.7 ኪሎ ከየት ይምጣ? ከስብ ካልሆነ በቀር! እንደ ግሬት ዴን ያለ ግዙፍ ዝርያ ደግሞ ዓመት ካለፈውም በኋላ ገና ያድጋል። ውሻው ልክ 52 ሳምንት በሞላው ቀንማ ማስሊያው በ52 አካፍሎ በ52 ያባዛና የነገራችሁትን ቁጥር መልሶ ይነግራችኋል።

ይሄን ይቅር ልንለው እንችላለን፤ ግምት ግምት ነው። ይቅር የማልለው ስለ ጤና ምንም አለመጠየቁን ነው። ቡችላው ከልክ በላይ ከወፈረ «ትልቅ ውሻ ይሆናል» ይላል፤ ከተራበ «ትንሽ ውሻ ይሆናል» ይላል። ምንም ቁጥር ብታስገቡ «ችግር አለ» የሚል መልስ አይወጣውም። እንዲህ ያለ መሣሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ቢሆን አውጥተን እንጥለው ነበር።

እኛ እውነቱን ያወቅነው ቡችላውን ለክትባት ስንወስደው ነው። የእንስሳት ሐኪሟ ሚዛኑ ላይ ከማውጣቷ በፊት በሁለት እጇ ጎኑን ዳሰሰችና «ሆዱ ተነፍቷል፣ ጎኑ ግን አጥንት ብቻ ነው። ወስፋት አለበት» አለችን። እኛ ቤት ያንን ክብ ሆድ «ጠግቦ ነው» እያልን ስንስቅበት ነበር። የውሻ ወስፋት ገና በማህፀን ሳለ ከእናቲቱ ወደ ቡችላው ይተላለፋል፤ ስለዚህ ንጹሕ ቤት ውስጥ ያለ ቡችላም አያመልጥም። የትል መድኃኒት ከ2 ሳምንቱ ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ እንዲሰጠው የሚመከረው ለዚህ ነው። የእኛው 10 ሳምንት ሙሉ አንድም ጊዜ አልወሰደም። 3.6 ኪሎው ውስጥ የተነፋው ሆድም፣ ትሉም አብረው ተመዝነዋል። እኔን ያስደነገጠኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ የእህቴ ልጅ፣ የሦስት ዓመት ሕፃን፣ ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር መሬት ላይ ስትንከባለል ነበር። የዚህ ትል እንቁላል አፈር ውስጥ ቆይቶ በእጅ በኩል አፍ ከገባ ሕፃን ልጅ ላይ ዓይን እስከመጉዳት ሊደርስ ይችላል። እሷ ደህና ነች፤ ግን ያን ሌሊት ማን እንቅልፍ ወሰደው?

ሁለተኛው ዘዴ የእድገት ቻርት ነው። ዋልትሃም የተባለው የእንስሳት ምርምር ተቋም በ2017 በፕሎስ ዋን መጽሔት ላይ ያወጣው ሲሆን ጤና ጣቢያ ለሕፃናት ከሚሞላው የእድገት ካርድ ጋር አሠራሩ አንድ ነው። የአሜሪካ ክሊኒኮች ውስጥ ከተመዘኑ ጤነኛ ውሾች የተሠራ ነው፤ ለሴትና ለወንድ ለየብቻ፣ ከ12 ሳምንት እስከ 2 ዓመት። (ዋልትሃም የውሻ ምግብ የሚሸጠው የማርስ ኩባንያ አካል መሆኑን ግን ልብ በሉ። ሥራው ጥሩ ሥራ ነው፤ ይሁንና ማን እንደከፈለ ማወቅ አይከፋም።) የቻርቱ ትልቅ ጥቅም ቡችላው የትኛው መስመር ላይ መሆኑ አይደለም፣ መስመሩን ይዞ መሄዱ ነው። ከታች ያለ መስመር ላይ ሆኖ እሱኑ ተከትሎ የሚያድግ ቡችላ ብዙም አያሳስብም፤ መስመር እየዘለለ ወደ ላይ የሚወጣ ወይም ወደ ታች የሚወርድ ግን ያሳስባል።

ችግሩ ትክክለኛውን ቻርት ለመምረጥ ውሻው ሲያድግ ስንት ኪሎ እንደሚሆን አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ። አባቱ ማን እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ለማያውቀው የሀበሻ ቡችላ ይሄ ከባድ ነው። ከ40 ኪሎ በላይ ለሚሆኑት ደግሞ ቻርቱ ጭራሽ አልተሠራም።

ሚዛናችሁም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። አብዛኞቻችን ቡችላውን አቅፈን ሚዛን ላይ እንወጣለን፣ ከዚያ ብቻችንን እንመዘንና እንቀንሳለን። እያንዳንዱ ንባብ በ0.1 ኪሎ ቢሳሳት ልዩነቱ እስከ 0.2 ይሳሳታል፤ ለ3.6 ኪሎ ቡችላ ከ5 በመቶ በላይ ነው። የሳምንቱን ጭማሪ ግማሽ ሊውጠው ይችላል ማለት ነው። ሦስት ጊዜ መዝናችሁ አማካዩን ውሰዱ፤ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ከምግብ በፊት። ከተቻለ ካርቶን ውስጥ አስቀምጣችሁ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ተጠቀሙ።

ሦስተኛው ሐኪሟ የተጠቀመችበት ነው፤ እጅ። ዶሮቲ ላፍላም የተባሉ የእንስሳት ሐኪም በ1997 ያሳተሙት ከ1 እስከ 9 ያለው የሰውነት ሁኔታ መለኪያ፣ 1 አጥንቱ የገጠጠ፣ 9 እጅግ የወፈረ፣ 4 እና 5 ደግሞ ጥሩ ነው ይላል። አሠራሩን ቤታችሁ ሞክሩት። የአንድ እጃችሁን ጣቶች ዘርግታችሁ የእጃችሁን ጀርባ በሌላው ዳስሱ፤ የቡችላው ጎድን አጥንት እንደዚያ ከተሰማችሁ ደህና ነው። የተጨበጠ ቡጢ አንጓ ከመሰለ ከስቷል። በአውራ ጣት ሥር ያለውን የመዳፍ ሥጋ ከመሰለ ወፍሯል። ከላይ ስታዩት ከጎድኑ በኋላ ወገቡ ገባ ማለት አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ የሕፃን ክንድ በባለ ቀለም ጥብጣብ ስትለካ አይታችሁ ይሆናል፤ ሐሳቡ ተመሳሳይ ነው። ዝርያ አይጠይቅም፣ አባት አይጠይቅም።

እንከን የለበትም አልልም። የተዘጋጀው ላደጉ ውሾች ነው፤ ቡችላ ሲባል ሆዱ በተፈጥሮው ክብ ይላል፣ ጸጉሩ የበዛ ደግሞ ዓይንን ያታልላል። ሁለት ሰው አንዱን ቡችላ ዳስሶ አንድ ነጥብ ሊለያይ ይችላል። ቢሆንም አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ሳላቅማማ ይሄን እመርጣለሁ። ቻርቱን ደግሞ አጠገቡ አስቀምጠዋለሁ።

«ትንሽ ቢወፍር ምን አለበት?» ለምትሉ፣ በ2002 የታተመ አንድ ጥናት አለ። 48 ላብራዶሮች ከአንድ እናት የተወለዱት ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጣመሩ፤ ከ8 ሳምንታቸው ጀምሮ አንደኛው ከወንድሙ 25 በመቶ ያነሰ ምግብ እየተሰጠው ዕድሜውን ጨረሰ። ያነሰ የበሉት መካከለኛ ዕድሜ 13.0 ዓመት፣ የሌሎቹ 11.2 ሆነ። ብዙ የበሉት የመገጣጠሚያ ሕመምም ቀድሞ ያዛቸው። ግዙፍ ዝርያ ቡችላ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ አጥንቱ ሳይጠነክር ክብደቱ ይቀድመዋል። «አጥንቱ ይጠንክር» ተብሎ በላዩ ላይ ካልሲየም መጨመርም ጉዳት ነው፤ ቡችላ የተረፈውን ካልሲየም እንደ ትልቅ ውሻ ማስቀረት አይችልም። ሽንኩርት የበዛበት ወጥ ትራፊና ከእርድ የተረፈ ጥሬ ሳንባና ጉበት ደግሞ ከክብደት ጉዳይ ውጪም ቢሆን አትስጡት።

የእኛው አሁን 7 ወሩ ነው። ቅዳሜ ጠዋት እመዝነዋለሁ፣ ጎኑን እዳስሳለሁ፣ ወረቀት ላይ ነጥብ አደርጋለሁ። እናቴ አሁንም «ከሳ» ትላለች። ባለፈው ሳምንት እጇን ይዤ ጎኑ ላይ አስቀመጥኩት።

«ይኸው፣ አጥንቱ ይቆጠራል» አለችኝ።

«ይቆጠራል እንጂ አይታይም» አልኳት።

ዝም አለች፤ ማታ ላይ ግን ሳህኑ ውስጥ እኔ ያላስቀመጥኩት ግማሽ እንጀራ አገኘሁ።