ርካሹ የቲቪ ቦክስ፦ ካርቶኑ የሚለውና ውስጡ ያለው

አንድ ስሌት አብረን እንሥራ። አንድ የፉል ኤችዲ ምስል 1920 በ1080 ፒክሰል ነው፤ ሲባዛ ከ2 ሚሊዮን ትንሽ ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ፒክሰል ቀለም 24 ቢት፣ ለእያንዳንዱ ሰከንድ ደግሞ 25 ምስል ያስፈልጋል። ሁሉንም ስታባዙት በሰከንድ 1.24 ቢሊዮን ቢት ይመጣል። ከጓደኛችሁ በፍላሽ የተቀበላችሁት ፊልም በሰከንድ 5 ሚሊዮን ቢት ቢሆን 250 ጊዜ ያህል ተጨምቋል ማለት ነው።

ያንን የተጨመቀ ፋይል በየሰከንዱ 25 ጊዜ መልሶ መዘርጋት ቀላል ሥራ አይደለም። አሮጌ ላፕቶፕ ኤች.265 የሚባለውን ፎርማት በሶፍትዌር ብቻ ለመፍታት ሲሞክር ይግላል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ምስሉም ይቆራረጣል። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ የምትሰኩት ትንሽ የአንድሮይድ ቦክስ ግን ያንኑ ፊልም እንደ ስልክ ቻርጀር ባለ ኃይል ያለ ድምፅ ያሳያል። ቺፑ ውስጥ ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ ሰርኪት አለ፤ ዲኮደር ይባላል። በዚህ በኩል ቦክሱ ምስጋና ይገባዋል። እንደ ኢንጂነሪንግ ሥራ ስናየው በጣም የሚገርም ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ካርቶኑን ስታነቡ ነው። «4ኬ»፣ «6ኬ» እያለ ይቀጥላል። 4ኬ 3840 በ2160 ፒክሰል፣ ማለትም የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ነው። ቺፑ ይህን መፍታት ይችል ይሆናል። ታዲያ ምን ጎደለ? እንደ ኔትፍሊክስ ያሉ አገልግሎቶች ጥራት ያለውን ምስል የሚልኩት ዋይድቫይን በሚባለው የጥበቃ ሥርዓት ከፍተኛ ደረጃ ላገኘ መሣሪያ ብቻ ነው። ያላገኘው 480 መስመር አካባቢ ይደርሰዋል። እንግዲህ አስቡት፦ ሳጥኑ 4ኬ መፍታት ይችላል፣ ግን 4ኬው አይላክለትም። ካርቶኑ ይህን አይነግራችሁም።

ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2023 አንድ ባለሙያ ቲ95 በሚል ስም የሚሸጥ ቦክስ ገዝቶ ሲመረምር ከሲስተሙ ጋር አብሮ የመጣ ጎጂ ሶፍትዌር አገኘ። በመስከረም 2024 ዶክተር ዌብ የተባለው የጸረ ቫይረስ ኩባንያ ቮይድ ያለው ጎጂ ሶፍትዌር በ197 አገሮች ወደ 1.3 ሚሊዮን የሚጠጉ ቦክሶች ውስጥ መገኘቱን ገለጸ። በሰኔ 2025 ደግሞ የአሜሪካው ኤፍቢአይ ባድቦክስ 2.0 ስለሚባለው መረብ አስጠነቀቀ፤ አንዳንዱ መሣሪያ ገና ሳይሸጥ፣ ሌላው ደግሞ መጀመሪያ ሲከፈት በሚያወርዳቸው አፖች በኩል ይበከላል።

«እኔ ፊልም ነው የማየው፣ ምን ይሰርቁኛል?» ትሉ ይሆናል። የሚሰረቀው የኢንተርኔት መስመራችሁ ነው። የማታውቁት ሰው በእናንተ ቤት አድራሻ በኩል ወጥቶ የፈለገውን ይሠራል፤ ዱካው የሚያደርሰው ግን እናንተ ቤት ነው። በዚያ ላይ በፓኬጅ የምትጠቀሙ ከሆነ ቴሌቪዥኑ ጠፍቶ ቦክሱ ብቻ እንደተሰካ ዳታችሁ ሊያልቅ ይችላል። በዋጋው ላይ የቀነሱላችሁን በዚህ መልኩ ትከፍሉታላችሁ ማለት ነው።

ታዲያ ሳጥኑን እንጣለው? የግድ አይደለም። መጀመሪያ ፕሌይ ስቶር ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ መሣሪያው የተረጋገጠ ነው የሚል መስመር መኖሩን እዩ። ከሌለ ዋይፋዩንም ኬብሉንም አታገናኙት። አብዛኛው ቤታችን ፊልም የሚገባው በፍላሽና በሃርድ ዲስክ ስለሆነ፣ ለእኛ ይህ ብዙ አይጎዳም።

ቺፑ አምሎጂክ ከሆነ፣ ለምሳሌ ኤስ905ኤክስ3፣ የተሻለ መንገድ አለ። ኮርኤሌክ የተባለውን ነፃ ሲስተም ኤስዲ ካርድ ላይ ትጭናላችሁ፤ ከዚያ ለቺፓችሁ የተዘጋጀውን ፋይል መርጣችሁ ትገለብጣላችሁ። በብዙዎቹ ቦክሶች የኤቪ ቀዳዳ ውስጥ የተደበቀች ቁልፍ አለች። እሷን በስቴኪኒ ተጭናችሁ ይዛችሁ መብራቱን ስትሰኩ ቦክሱ ከካርዱ ይነሳል። የሚከፈተው ኮዲ ነው፤ ፊልሞቻችሁን ከነፖስተራቸው የሚደረድር ፕሮግራም። ኮዲ ከ2014 በፊት ኤክስቢኤምሲ ይባል ነበር፣ የተወለደውም ለመጀመሪያው ኤክስቦክስ ነው። በዚህ ጊዜ የውስጡ አንድሮይድ ስለማይነሳ በላዩ የተጫነው ጎጂ አፕም አይሮጥም። ካርዱን ስታወጡት ግን ያው አንድሮይድ ይመለሳል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። በሰከንድ 5 ሚሊዮን ቢት የሚፈስ የሁለት ሰዓት ፊልም 4.5 ጊጋባይት ይሆናል። በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ደግሞ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ስለዚህ ኤክስፋት ምረጡ። ሁለተኛ፣ የቦክሱ ዩኤስቢ ትልቅ ሃርድ ዲስክ ለማስነሳት አቅም ሊያንሰው ስለሚችል፣ የራሱ ቻርጀር ያለው ሃብ ያስፈልጋችኋል።

ፍርዴ ይህ ነው፦ ቺፑ ጎበዝ ነው፣ ካርቶኑ ውሸታም ነው፣ ከፋብሪካ የመጣው ሶፍትዌር ደግሞ እምነት አይጣልበትም። ኢንተርኔት ላይ ማየት ለምትፈልጉ ጥቂት ብር ጨምራችሁ የተረጋገጠ መሣሪያ መግዛት ይሻላል። ለፍላሽና ለሃርድ ዲስክ ብቻ ከሆነ ግን፣ ከዋይፋይ ውጭ የተቀመጠ ቦክስ በቂ ነው።