የጤና ሠራተኛን የሥራ ችሎታ ስለ መለካት

የሰውን ቁመትና ክብደት መለካት ቀላል ነው፤ ሥራውን የሚችልበትን ኀይል መለካት ግን ብዙ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ለዚህ ጉዳይ ከተዘጋጁት መንገዶች አንዱ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊንላንድ አገር የተሠራው የሥራ ችሎታ መለኪያ ነው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህ መለኪያ ለእብናት ወረዳ የጤና ሠራተኛ ይበጅ እንደ ሆነ ልንመረምር አስበናል።

መለኪያው ሰባት ክፍል አለው። ሠራተኛው የዛሬ ችሎታውን በሕይወቱ ከነበረው ከፍተኛ ችሎታ ጋር አነጻጽሮ ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር ይገልጣል፤ ሥራው ከሚጠይቀው የጉልበትና የአእምሮ ድካም ጋርም ያመዛዝነዋል። ከዚህም ሌላ ሐኪም መርምሮ ያገኘበትን በሽታ፣ በሽታው ሥራውን ምን ያህል እንደሚያሰናክልበት፣ በዓመቱ ውስጥ በሕመም ምክንያት የቀረበትን ቀን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ሥራውን ይችል እንደ ሆነ፣ በመጨረሻም የመንፈሱን ሁኔታ ይናገራል። ድምሩ ከ7 እስከ 49 ነው፤ 27ና ከዚያ በታች ያገኘ ደካማ፣ 44ና ከዚያ በላይ ያገኘ እጅግ መልካም ይባላል። አጭር መሆኑና ሠራተኛውን ራሱን መጠየቁ ያስመሰግነዋል።

ይሁን እንጂ መለኪያው ሐኪም በቅርብ የሚገኝበትን፣ ለታመመም ሠራተኛ ተተኪ የማይታጣበትን አገር ያስባል። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለ5,000 ያህል ሕዝብ በአንድ ጤና ኬላ ሁለት ሴቶችን መድቧል። ከከተማው ርቃ፣ ከቤት ወደ ቤት በእግሯ የምትዞር ሠራተኛ ብትታመም ማን ይተካታል? እርሷ ከቀረች የሕፃናቱ ክትባት ይተጓጐላል፤ ስለዚህ እያመማትም ትሠራለች። ሐኪም ስላላያት በሽታ የለባትም ተብሎ 7 ነጥብ፣ ከሥራ ስላልቀረች ደግሞ 5 ነጥብ ይሰጣታል። እንግዲህ ከ49ኙ ነጥብ 12ቱን ያገኘችው በጤንነቷ ሳይሆን በችግሯ ነው ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይብሳል። መለኪያው ድካሙን የሚፈልገው በሠራተኛው ሰውነት ውስጥ ነው፤ መድኀኒት መኖር አለመኖሩን፣ ደመወዝ በጊዜው መድረስ አለመድረሱን አይጠይቅም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ጦርነት ባወካቸው የአማራ ክልል ወረዳዎች ደግሞ መንገድ መከፈቱና መዘጋቱ ራሱ የሥራ ችሎታን የሚወስን ነገር ሆኗል። ይህ ሁሉ ሳይቈጠር ሠራተኛዋን «ደካማ» ብሎ መመዝገብ፣ የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል እንደ ተባለው ይሆናል።

በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ጤና መኰንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን አብረው እንዲሠሩ አድርጎ ያሠለጥን ነበር። በዚህ አሳብ ችሎታ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን የጓደኛሞች ጭምር ነው።

እኛ መለኪያው ይጣል አንልም። ነገር ግን ቅጹን ተርጕመው ወደ ገጠር ይዘው የሚወጡ ተማሪዎች ሦስት ጥያቄ ይጨምሩበት፤ ይኸውም፦ ታመሽ ሳለ የሠራሽው ስንት ቀን ነው? ስትቀሪ የሚተካሽ ማን ነው? ለሥራሽ የሚያስፈልግ ምን ጐደለሽ? የሚል ነው። ይህ ካልተጠየቀ፣ ከፍ ያለው ነጥብ ዕርዳታ የሚያሻትን ሠራተኛ ከዐይናችን የሚሸሽግ መጋረጃ ይሆናል።