ጥፋቱ የሆድ አይደለም

ወፍራም ሰው ፊት ለፊት የማይነገረው፣ ዞር ሲል ግን የማይቀርለት ፍርድ አለ፤ አፉን መያዝ ያቃተው ነው ይባላል። ሐኪሙም በለዘበ አንደበት ይኸንኑ ይደግምለታል፦ ትንሽ ብላ፣ ብዙ ተንቀሳቀስ። አሜሪካዊው የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ስቴፋን ጊየኔ በ2017 እ.ኤ.አ. «ዘ ሀንግሪ ብሬን»፣ ማለትም «የተራበው አንጎል» ብሎ ያሳተመው መጽሐፍ ይህን ፍርድ ከሥሩ ይነቅለዋል። ክርክሩ ግልጽ ነው፤ ምን ያህል እንደምንበላ በአብዛኛው የሚወስነው አስበን የምንመርጥበት የአንጎል ክፍል ሳይሆን፣ ምግብ እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን የተቀረጸውና እኛ ሳናውቀው የሚሠራው ጥንታዊው ክፍል ነው። በዚህ ዋና ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። የማልስማማው ደራሲው ከዚህ ሐሳብ ተነሥቶ በሚሰጠው መፍትሔ ነው።

የመጽሐፉ ልብ ስለ ጥጋብ መልእክት የሚተርከው ክፍል ነው። ቦታው በአሜሪካ የሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር የሚገኘው ጃክሰን ላቦራቶሪ ነው። ዳግላስ ኮልማን የተባለው ተመራማሪ በዘር የሚወፍሩ ሁለት ዓይነት አይጦች ነበሩት። ሁለቱም ያለ ልክ ይበላሉ፤ ሁለቱም ያለ ልክ ይወፍራሉ። ኮልማን የሁለት አይጦችን ጎን በቀዶ ጥገና አጋጥሞ እየሰፋ ደማቸው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲዘዋወር አደረገ። ከሁለተኛው ዓይነት ወፍራም አይጥ ጋር የተሰፋው ጤነኛ አይጥ ምግቡ አፍንጫው ሥር ተቀምጦ መብላት አቆመ፤ በረሃብም ሞተ። የመጀመሪያው ዓይነት ወፍራም አይጥ ከሁለተኛው ጋር ሲሰፋም ዕጣው ያው ሆነ፤ ከስቶ ሞተ። አብሮት የተሰፋው ግን እንደ ወትሮው መብላቱን ቀጠለ። ኮልማን ከዚህ የደረሰበት ድምዳሜ እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። በደም ውስጥ «በቃህ» የሚል መልእክት ይዘዋወራል፤ የመጀመሪያው አይጥ መልእክቱን መሥራት አይችልም፣ ሁለተኛው አትረፍርፎ ይሠራል፤ መስማት ግን አይችልም።

የመልእክቱ ማንነት እስኪታወቅ እስከ 1994 መጠበቅ ግድ ሆነ። በዚያ ዓመት በኒውዮርኩ ሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ዘረ-መሉን አገኘ፤ ሆርሞኑም ሌፕቲን ተባለ። የሚመነጨው ከሰውነት ስብ ነው። ስቡ ሲቀንስ ሌፕቲኑም ይቀንሳል፤ ከአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ የተባለ ትንሽ ክፍል ይህን እንደ አደጋ ይቆጥርና የምግብ ፍላጎትን ይቀሰቅሳል፣ ጉልበትም መቆጠብ ይጀምራል። በ1997 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ከተፈጥሯቸው ሌፕቲን የሌላቸው ሁለት የአጎት ልጆች እንዳገኙ አሳወቁ። ትልቋ በ8 ዓመቷ 86 ኪሎ ትመዝን ነበር። ሁልጊዜ ይርባታል፤ ምግብ ስትከለከል ትበጠብጣለች። በኋላ የሌፕቲን መርፌ ተጀመረላትና በአንድ ዓመት ውስጥ 16 ኪሎ ገደማ ቀነሰች። ይህችን ልጅ የፈወሳት ምክርም ግሣጼም አልነበረም፤ ሰውነቷ ያልሠራው አንድ ሆርሞን ነው። ስለ ውፍረት እንደ ኃጢአት የሚናገር ሁሉ ይህችን ልጅ ማስታወስ አለበት።

ጊየኔ እዚህ ላይ የሚመሰገንበት ነገር አለ፤ ታሪኩን አያጋንንም። ከሌፕቲን ግኝት በኋላ አምጄን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ የባለቤትነት መብቱን ለማግኘት 20 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነበር፤ የውፍረት መድኃኒት ተገኘ ተብሎ ነበርና። ተስፋው ከሸፈ። አብዛኛው ወፍራም ሰው ሌፕቲን አልጎደለውም፤ እንዲያውም ብዙ አለው፤ አንጎሉ ነው በአግባቡ የማይሰማው። የሆርሞኑ ሥራ ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው ሰው ሲከሳ ነው። ኪሎ የቀነሰ ሰው ሌፕቲኑ ስለሚያሽቆለቁል አንጎሉ የጠፋውን ስብ ለማስመለስ ሌት ተቀን ይሠራል። ከወራት ጾም በኋላ ኪሎው ተመልሶ የመጣበት ሰው ራሱን ሰነፍ እያለ የሚወቅስበት ምክንያት እንደሌለ መጽሐፉ በማስረጃ ያሳያል።

ቀጥሎ የሚመጣው ወደ ጣፋጭና ወደ ቅባታም ምግብ ስለመሳባችን የሚያወራው ክፍል ነው። ዶፓሚን የተባለው የአንጎል ኬሚካል ምን እንደሚያደርግ፣ አንጎል ከብዙ ፍላጎቶች መካከል አንዱን እንዴት እንደሚመርጥ ይዘረዝራል፤ ዓሣ መሰሉን ላምፕሬይ እንኳ ለምሳሌ ይጠራል። እኔን የያዘኝ ግን በ1965 የታተመው የተመራማሪዎቹ የሃሺምና የቫን ኢታሊ ሙከራ ነው። ተሳታፊዎቹ የሚመገቡት ከአንድ መሣሪያ ብቻ ነበር፤ ቁልፉን በተጫኑ ቁጥር ጥቂት ፈሳሽ ምግብ በቱቦ አፋቸው ይገባል። ፈሳሹ የተሟላ ምግብ ነው፤ ጣዕም ግን የለውም። ቀጭኖቹ የለመዱትን ያህል ጠጥተው ክብደታቸውን ጠበቁ። እጅግ ወፍራም የነበረው ሰው ግን ማንም ቀንስ ሳይለው በቀን ከ300 ካሎሪ በታች ወሰደ። ሙከራው የተደረገው በጣት በሚቆጠሩ ሰዎች ላይ ነው፤ በዚህ ላይ ብቻ ትልቅ ሐሳብ መገንባት አይቻልም። ደግነቱ መጽሐፉ ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ የኬቨን ሆል ቡድን በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት 20 ሰዎችን አስተኝቶ የተሻለ ሙከራ አደረገ። በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ ምግብ ሲቀርብላቸው፣ ስኳሩ፣ ስቡና አሰሩ ካልተቀነባበረው ጋር ተመጣጥኖ ሳለ፣ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ። የጊየኔ ክርክር በዚህ ጠንክሯል።

ያልጠነከረም አለ። ስብ የበዛበት ምግብ ሃይፖታላመስን ራሱን ያቆስላል የሚለው ሐሳብ በመጽሐፉ ሰፊ ቦታ ይዟል። ሐሳቡን ያቀረበው ጥናት በ2012 ሲወጣ ጊየኔ ራሱ ከጸሐፊዎቹ አንዱ ነበር። በአይጦች ላይ ማስረጃው ጥሩ ነው፤ በሰው ላይ ግን የተገኘው በኤምአርአይ ምስል ላይ የታየ ተዛማጅነት ነው። ቁስሉ ውፍረቱን ያመጣው ወይስ ውፍረቱ ቁስሉን፣ ምስሉ አይናገርም። ደራሲው የሌሎችን ሥራ የሚመዝንበትን ሚዛን እዚህ ላይ ትንሽ አላልቶታል።

ዋናው ቅሬታዬ የመጨረሻው ምዕራፍ ነው። አንጎል ከፈቃዳችን በላይ መሆኑን በብዙ ገጾች ያስረዳ ሰው፣ በመጨረሻ ለአንባቢው ስድስት ምክር ይሰጠዋል፦ ምግብ ዓይንህ ሥር አታስቀምጥ፣ የሚያጠግብ ምረጥ፣ ከሚያጓጓው ተጠንቀቅ፣ በቂ እንቅልፍ ተኛ፣ ተንቀሳቀስ፣ ጭንቀትህን አስታግስ። ምክሮቹ መጥፎ አይደሉም። በ1995 በተደረገ ጥናት ከ38 ምግቦች ሁሉ ይበልጥ ያጠገበው ቅቅል ድንች መሆኑን ማወቅ ለማንም ይጠቅማል። ነገር ግን ሸክሙ ተመልሶ በዚያው ሰው ትከሻ ላይ ወደቀ። የምግብ ኩባንያዎች፣ ማስታወቂያው፣ የትምህርት ቤት ምሳ፣ የፈረቃ ሥራ የሚነሡበት ቦታ ጠባብ ነው። በፈረቃ ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው «ተኛ» ማለት ምን ይጠቅመዋል? የመጽሐፉ ሳይንስ ራሱ የሚጠይቀው የመንግሥት ሕግ ነው፤ ደራሲው ግን በዚህ ላይ አልገፋበትም።

መጽሐፉ ሲጻፍ ያልነበረ አንድ ትልቅ ነገርም ዛሬ አለ። ሴማግሉታይድ የተባለው መድኃኒት በ2021 በታተመ ጥናት በ68 ሳምንት የሰዎችን ክብደት በአማካይ 15 በመቶ ያህል ቀነሰ። የምግብ ፍላጎትን የሚቀንሰው በአብዛኛው አንጎል ላይ እየሠራ ነው፤ ለጊየኔ ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም። መድኃኒቱን ያቆሙት ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛው ተመልሶባቸዋል። ለምን እንደተመለሰ ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ስለ ሌፕቲን የተጻፈውን ክፍል አስቀድሞ ያንብብ፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ ቢዘለው ብዙ አይጎድልበትም።